ግልባጭ ለሪከርድ ክፍል

ከመካከላችን አንዱ አምና ለውጭ አገር ትምህርት ሊያመለክት የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕቱን ፈልጎ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ሄደ። (የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ ማኅተሙን ገና እንፈልገዋለን።) ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ ነው፤ ቀኑ ማክሰኞ። የሪከርድ ክፍሏ ሠራተኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና «የስንት ዓመተ ምሕረት ነህ የኔ ልጅ?» አሉት። «2001» አላቸው። «እንግዲያማ አታስብ፣ ያኔ ኮምፒዩተር ገብቷል» አሉት።

ፋይሉ ተፈልጎ ተገኘ። ተከፈተ። ውጤቱ በሙሉ አለ፤ ሒሳብ 71፣ ፊዚክስ 64 እያለ ተደርድሯል። ስሞቹ ግን የሉም። በስም ፋንታ የላቲን ፊደላት፣ ቃለ አጋኖ፣ ቅንፍና የመቶኛ ምልክት እንደ ገብስና ስንዴ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። የጓደኛችን ስም የት እንዳለ ባይታወቅም በዶላር ምልክት የሚጀምር አንድ መስመር ነበር፤ ኪሱ ያልገባው ዶላር ስሙ ላይ ገባለት ብለን ስቀንበታል። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። የአራት ክፍል ተማሪ ውጤት ባለቤቱን አጥቶ ተሰልፏል።

እትዬ (ከዚህ በኋላ እንዲሁ እንላቸዋለን) ምንም ሳይሉ በርጩማ ላይ ወጡ፣ ከመደርደሪያው አናት አንድ አቧራ የጠገበ ጥራዝ አወረዱ። ሮስተር ነው። በክፍል ኃላፊው እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። ጓደኛችን ሐሙስ ዕለት ትራንስክሪፕቱን ተቀበለ። የጎረቤቱ የ«ሐ» ክፍል ሮስተር ግን አንድ ክረምት ጣራው ሲያፈስ በስብሶ ተጥሏል። የዚያ ክፍል ልጅ ቢመጣ ምን ይባላል? እትዬ መልሱን ያውቁታል፤ አንዲት ልጅ ከዚያ በፊት መጥታ ባዶ እጇን መልሰዋታል።

በዚህ ሰበብ ነው ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቢሮ ሠራተኞችና ለመምህራን የኮምፒዩተርና የኢሜይል ሥልጠና እንድንሰጥ የጠየቀን። እኛም «ይህን አድርጉ፣ ያን አታድርጉ» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተን ሄድን። ወረቀቱ ብዙም አልሠራም። እትዬ ለእያንዳንዱ ነጥብ «ለምን?» ይላሉ። መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ነገር ታሪክ ሆነ፤ እያንዳንዷ «አታድርጉ» ከጀርባዋ አንድ ጉድ የሠራ ሰው አለ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልናቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲሲ ምንድነው?» የሚል ነበር። እኛ ሊቅ መስለን «ካርቦን ኮፒ ማለት ነው፣ ድሮ…» ብለን ሳንጨርስ እትዬ ሳቁ። «ግልባጭ በሉኛ!»

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ነን ያላየነው። የኢሜይል መስኮት የአገራችን የቢሮ ደብዳቤ ነው። «ጉዳዩ፦» የሚለው ሰብጀክት ነው። «አባሪ» የምንለው አታችመንት ነው። ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ፦ ለሪከርድ ክፍል፣ ለሒሳብ ክፍል፣ ለጓድ እገሌ» የሚለው ሲሲ ነው። መመሳሰሉም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1970ዎቹ የኢሜይልን መልክ ያወጡት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ከቢሮ ማስታወሻቸው ላይ «ከ፣ ለ፣ ጉዳዩ፣ ግልባጭ» የሚለውን እንዳለ ወሰዱት። የእኛም የቢሮ ደብዳቤ ከዚያው ከታይፕና ከካርቦን ዓለም የመጣ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ የመታች ጸሐፊ ኢሜይል «አዲስ» አይደለባትም። አዲስ የሚሆንባት አይጡን መያዝ ብቻ ነው።

የካርቦን ወረቀቱ ራሱ ዕድሜው ረጅም ነው። ራልፍ ዌጅዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ፓተንት ያወጣለት በ1806 ነው። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን ነገሩ ተጋጋለ። ሦስት ወረቀት፣ በመሐሉ ሁለት ካርቦን፤ ቁልፉ ጠንከር ተደርጎ ካልተመታ ሦስተኛው ግልባጭ አይነበብም። አማርኛችን እስከ ዛሬ «ታይፕ መምታት» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርግጥም ድብደባ ነበር። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሦስቱም ላይ መሰረዝ ነው። ፈተና ሲሆን ደግሞ ስቴንስል ላይ ተመትቶ በማባዣ ይባዛል፤ እትዬ የቀለሙ ሽታ አሁንም ፈተና ፈተና ይሸተኛል ይላሉ። ግልባጭ እንዲህ ጉልበት ስለሚያስከፍል ማንም ለማይመለከተው ሰው ግልባጭ አይልክም ነበር። ኢሜይል ያጠፋው ይህን ድካም ነው፤ ከድካሙ ጋር ግን ጥንቃቄውም አብሮ ሄደ።

ማስረጃ ካስፈለገ የ1978 ግንቦት አለ። ጋሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሰው ኩባንያው ያወጣቸውን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊያሳይ ፈለገ። የዛሬው ኢንተርኔት አያት በሆነው በአርፓኔት ላይ የነበሩ ወደ 400 የሚጠጉ የምዕራብ አሜሪካ ሰዎችን አድራሻ ይዞ አንድ መልእክት ለሁሉም ተላከ። የመልእክት ፕሮግራሙ ግን ያን ያህል አድራሻ በተመደበለት ቦታ መያዝ አልቻለም። የተረፈው አድራሻ ሞልቶ ፈሰሰና ደብዳቤው ሆድ ውስጥ ገባ። ተቀባዮቹ ማስታወቂያውን ለማንበብ በመጀመሪያ የሰዎች ስም ዝርዝር ማለፍ ነበረባቸው። ሰዉ ተቆጣ፤ መሥመሩን ያስተዳድር የነበረው የመከላከያ ክፍልም ተግሣጽ ላከ። ዛሬ ስፓም የምንለው ነገር መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

ይህን ስንተርክ አንድ የሌላ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ እጁን አወጣ። እሱ ጋ የሆነው የባሰ ነው። የወር ክፍያ ያልከፈሉ ወላጆችን ለማስታወስ አንድ ኢሜይል ተዘጋጀ። የሁሉም ወላጆች አድራሻ «ለ» በሚለው ቦታ ላይ ተደረደረ፤ አባሪ ሆኖ የተላከው ደግሞ ማን ስንት ብር ዕዳ እንዳለበት ከልጆቹ ስም ጋር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። አንድ አባት ተናደውና «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጭነው የልባቸውን ጻፉ። ሌላው መለሱላቸው። እስከ ማታ ድረስ ሰማንያ ቤት ተሰዳደበ። በማግስቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ «አባትህ አልከፈለም» ተባለ። ልጁ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም።

መድኃኒቱ አንዲት ፊደል ናት፤ ከሲሲ በፊት «ቢ» ያለችበት ቢሲሲ። ስውር ግልባጭ እንበላት። እዚያ ውስጥ የገባ አድራሻ ለሌላው አይታይም፣ «ለሁሉም መልስ» ቢባልም አይደርሰውም። ለብዙ ወላጅ የሚላክ መልእክት ሁሉ እዚያ ይግባ፣ «ለ» በሚለው ላይ የትምህርት ቤቱ የራሱ አድራሻ ይቀመጥ። የዕዳ ዝርዝሩ ግን በስውርም በግልጽም አይላክም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ብቻ ነው የሚነገረው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ብቻም አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የልጅ ስምና የቤተሰብ ጉዳይ ያለበት ሠንጠረዥ እንደ ልብ የሚበተን ወረቀት መሆኑ ቀርቷል።

ወደ ፓስወርድ እንለፍ። የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር ስንከፍት ፓስወርዱ የት እንዳለ ጠየቅን። «እዚያው ነው» አሉን፤ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር፣ ከመድኃኔዓለም ሥዕልና ከኮንዶሚኒየም ደረሰኝ መሐል። የትምህርት ቤቱ ስም ሲሆን በስተመጨረሻው 123 አለበት። ለነገሩ ባይጻፍም እንገምተው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የነገርናቸውን ታሪክ ሁሉም ወደደው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራው ቡድን አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠራ። ብዙ ሰው ሲኖር «የእኔ ፋይል፣ ያንተ ፋይል» ይመጣል፤ እንዲሁም የተፈቀደ ሰዓት ይመጣል። ለዚህ ሲባል ለእያንዳንዱ ሰው የሚስጥር ቃል ተሰጠ። አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት አራት ሰዓት ብቻ ነበር፤ አልበቃውም። በ1962 አንድ አርብ ማታ የፓስወርዶቹ ፋይል እንዲታተም በፓንች ካርድ ትእዛዝ አስገባ። ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ አተመለት። ቅዳሜ ማለዳ ሄዶ የታተመውን ወረቀት ከሣጥኑ አነሣ። የሁሉም ሰው ፓስወርድ እጁ ገባ። ለብቻው መብላት ስላልፈለገ ለሌሎችም አካፈለ፤ ከተካፋዮቹ አንዱ በአለቃው አካውንት እየገባ የማላገጫ መልእክት ትቶ ይወጣ ነበር። ሸር ይህን የተናዘዘው አሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

በ1966 የሆነው ደግሞ ሌባም አላስፈለገው። በሥርዓቱ ስህተት የዕለቱ ሰላምታ የተጻፈበት ፋይልና የፓስወርዶቹ ፋይል ቦታ ተለዋወጡ። ያን ዕለት ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሁሉ «እንደምን ዋልክ» ከማለት ይልቅ የመላው ተጠቃሚ የሚስጥር ቃል ተዘረገፈለት። ፓስወርድ ማለት እንግዲህ ከተወለደ ጀምሮ የሚያፈስ ዕቃ ነው። ዛሬ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያፈሰሰው ሌላ ቦታም ቁልፍ የሚሆነው አንዱን ለሁሉም ስንጠቀምበት ነው። በፌስቡክ አካውንታችሁና በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ላይ አንድ ፓስወርድ አታድርጉ የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

«ታዲያ በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚሉንስ?» አሉ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት። ይኸኛው የሚያሳዝን ታሪክ አለው። በ2003 ቢል በር የተባለ የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ባለሙያ አንድ መመሪያ ጻፈ፤ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ልዩ ምልክት ይኑርበት፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየር የሚለው ልማድ ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ሰው ግን ሰው ነው። «አበባ1» የነበረው «አበባ2» ሆነ፣ ሲብስም ከመስታወት ሥር ተጻፈ። ጡረታ የወጡት በር በ2017 ለጋዜጣ ሲናገሩ መጸጸታቸውን አልደበቁም። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ምክሩን ቀየረ፤ ርዝመት ይበልጣል፣ ተሰረቀ የሚል ምልክት ከሌለ ያለ ምክንያት ሰውን አታስቀይሩ አለ። ስለዚህ እኛ የመከርነው አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ገጣጥሞ መጻፍ ነው። በርበሬ፣ ጃንጥላ፣ ሐሙስ፣ ደብረ ዘይት ዓይነት። (ይህችኑ አትውሰዷት፤ አሁን ስድስት ሺህ ሰው አንብቧታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።) በዚያ ላይ ወደ ስልክ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ማብራት። ማስታወስ ያቃተው ሰው ደብተር ላይ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበት፤ ይህን ስንል ከመካከላችን ኮምፒዩተር ሳይንስ ያጠናው ልጅ ፊቱን አጨማደደ፣ እኛ ግን አንለወጥም። ሳጥን ለመስበር አዲስ አበባ መምጣት ያስፈልጋል፤ «123»ን ለመገመት ግን ከየትም ይቻላል።

ከፓስወርዱ የባሰ ችግር ያገኘነው ግን አድራሻው ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ «ኦፊሴላዊ» ኢሜይል ከስድስት ዓመት በፊት የለቀቀ የአይሲቲ መምህር የግል ያሁ አካውንት ሆኖ ተገኘ። በደብዳቤው ራስጌ ላይ ታትሟል፣ በግቢው በር ታፔላ ላይ ተጽፏል፤ ሰውየው ዱባይ ነው።

ይህም ቢሆን ሥር አለው። ኢሜይል አዲስ አበባ የገባው ዛሬ እንደምናስበው በቴሌ በር አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል ፊዶኔት በሚሉት መረብ ኢሜይል ያደርስ ነበር። መልእክቱ ወዲያው አይሄድም፤ ይጠራቀምና በስልክ ሲደወል አንድ ላይ ይጫናል። የአውቶቡስ ተራ ዓይነት ነው፣ ካልሞላ አይነሣም። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በጥር 1997 ነበር፤ መሥመር ማስገባት ደግሞ የድርጅት እንጂ የግለሰብ አቅም አልነበረም። በሌላ በኩል ሆትሜይል በ1996፣ ያሁ ሜይል በ1997 ነጻ አድራሻ ማደል ጀመሩ። የእኛ ሰው እንግዲህ የራሱ መሥመር ሳይኖረው የራሱ አድራሻ አገኘ። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ «ኢሜይል አውጡልኝ» ማለት መታወቂያ እንደማውጣት ሆነ፤ ፓስወርዱን የሚመርጠው፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የሚሰጠውም የቤቱ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቶችም በዚሁ መንገድ ገቡ፤ ኮምፒዩተር የሚችለው መምህር ይጠራል፣ «አንድ ኢሜይል ክፈትልን» ይባላል፣ እሱም በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍታል። መምህሩ ሲለቅ ክሊራንስ ላይ ኳስና ጠመኔ ያስረክባል። አድራሻውን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ክሊራንስ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ጠየቅን፤ ኢሜይል፣ የቴሌግራም ግሩፕ፣ የማረጋገጫ ስልክ ቁጥር። ዲሬክተሩ ፈገግ ብለው ተቀበሉን። አድራሻው በትምህርት ቤቱ ስም፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም በትምህርት ቤቱ ቢሮ ስልክ ይሁን፤ ሁለት ሰው ይወቀው። ተከፍቶ ተረስቶ የሚተው ደግሞ ዋስትና የለውም፤ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 አስታውቋል።

ቫይረስን በአጭሩ እንለፈው፤ ስለ ፍቅር ነው። በግንቦት 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ ኢሜይል በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ። ጉዳዩ «እወድሃለሁ» ይላል፤ አባሪው የፍቅር ደብዳቤ ነኝ ይላል። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ መደበኛ ጽሑፍ የሚያስመስል «ቲኤክስቲ» ነበረ፤ ከእሱ በኋላ ግን ዊንዶውስ በልማዱ የሚደብቀው ሌላ ቅጥያ ነበር፤ ያ ነው ፕሮግራም መሆኑን የሚናገረው። የከፈተው ሰው ፎቶዎቹ ይበላሻሉ፣ ደብዳቤውም በአድራሻ መዝገቡ ላለው ሰው ሁሉ በእሱ ስም ይላካል። ኋላ ላይ ያመነው ኦኔል ደ ጉዝማን የተባለ ወጣት መነሻው ለኢንተርኔት የሚከፍለው ስላልነበረው የሰው ፓስወርድ መስረቅ ነበር። በአገሩ በወቅቱ የሚቀጣ ሕግ ስላልነበረ ክሱ ተቋረጠ። ትምህርቱ ምንድነው? የምታውቀው ሰው ስም መኖሩ ዋስትና አይሆንም። ዲሬክተሩ በድንገት «አስቸኳይ፣ ይህን ክፈቱ» ካሉ ተነሥቶ ቢሯቸውን ማንኳኳት ነው፤ አሥር እርምጃ ናት። የእኛ አገር ቫይረስ ግን ከኢሜይል ይልቅ በፍላሽ ነው የሚጓዘው። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን የማያውቅ ፈተና አውጪ መምህር የለም። እዚያ ላይ ፋይሉ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

አሁን ወደ ዶላር ምልክቱ እንመለስ።

የአማርኛ ፊደል ለማሽን መቼም ቀላል ሆኖ አያውቅም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የፈረንጁ መኪና ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቁልፍ አልነበረውም። መፍትሔው ፊደሉን መቆራረጥ ሆነ፤ ግዕዙ ለብቻ ይመታል፣ እግሩና ቀለበቱ ተመልሶ ይለጠፍበታል። እትዬ የተማሩት እንዲህ ባለ መኪና ነው፤ ካዕብና ሣልስ ሲመቱ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ይሄድ እንደነበር አሳዩን።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ያው ችግር ቀጠለ። የያኔው ፎንት የነበረው ቦታ 256 ሲሆን ብዙው የተያዘ ነው። ስለዚህ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች አንድ ብልሃት ዘየዱ። ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቦታ ላይ የአማርኛ ፊደል ሥዕል ይቀባል። እናንተ «ሰ» ታያላችሁ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው ለምሳሌ የዶላር ምልክት ነው። ዳሸን፣ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት ባይኖሩ ኖሮ የዚያን ጊዜ ጋዜጣም፣ የትምህርት ቤት ፈተናም በኮምፒዩተር አይጻፍም ነበር፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አንዱ «ሰ» ያደረገውን ቦታ ሌላው «ጠ» አደረገው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ቀለሙ ይረግፍና ሥሩ ያለው ዶላርና ቃለ አጋኖ ይቀራል።

ሐኪሙ ዩኒኮድ ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር የሚሰጠው ይህ ስምምነት በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ። «ሀ» ከዚያ ወዲህ የራሷ ቁጥር አላት፣ የማንም ተከራይ አይደለችም። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለ የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ችግሩ ልማድ ነው፤ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ጸሐፊዎች በለመዱት ቀጠሉ። የጓደኛችን ሮስተር በ2001 ዓ.ም. ሲጻፍ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወደ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ማወቅ የሚቻልበት ቀላል ፈተና አለ። የጻፋችሁትን አማርኛ ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ደኅና ነው፤ ዝባዝንኬ ከሆነ የልጆች ስም አደጋ ላይ ነው።

ዝባዝንኬ የሆነ ፋይል ግን አልሞተም። ይህን እኛም የተማርነው ሥልጠናው መሐል ላይ ነው። እትዬ ያኔ የትኛውን ፕሮግራም ይጠቀሙ እንደነበር አስታወሱ። አራት ኪሎ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ልጅ ፎንቱን ከአሮጌ ሲዲ አወጣልን። ፋይሉን መጀመሪያ ገለበጥነው፤ ዋናውን አትንኩ፣ ሁልጊዜ ግልባጩ ላይ ሥሩ። በግልባጩ ላይ ጽሑፉን መርጠን ፎንቱን ስንቀይረው ስሞቹ ከላይ ወደ ታች እየተገለጡ መጡ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ በመቀየሪያ ፕሮግራም ለወጥነው፣ በእጅ ከተጻፈው የ«ሀ» ክፍል ሮስተር ጋር መስመር በመስመር አመሳከርነው፤ ሰባት ስም ላይ አንዳንድ ፊደል ተሳስቶ አገኘን፣ አረምን። ፒዲኤፍም አደረግነው። አንዱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ አዲስ ኢሜይል ተቀመጠ። የማስቀመጫው ምልክት የሆነችውን ትንሽ ሥዕል እያየ አንድ ወጣት መምህር ምን እንደሆነች ጠየቀ። ፍሎፒ ዲስክ ናት፤ 1.44 ሜጋባይት፣ ዛሬ አንዲት የስልክ ፎቶ አትይዝም። ዕቃዋ ሞቶ ሥዕሏ የቀረች ናት።

እትዬ ግን ይህን አልሰሙም። የ«ሐ» ክፍልን ስሞች እያነበቡ ነበር። «ይቺ ቤይሩት ነች። ይኼ ዶክተር ሆኗል፣ ጥቁር አንበሳ ነው። ይኼን ነፍሱን ይማረው።» ቁጥር 31 ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ባዶ እጇን የመለሷት ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ነርሲንግ ልትማር ኮሌጅ ትራንስክሪፕት ጠይቋት መጥታ «ሮስተሩ በስብሷል፣ ፋይሉም አይነበብም» ብለው ሸኝተዋታል። ሒሳብ 68፣ ባዮሎጂ 82። ይኸው አለ። ሁሉም እዚያው ነበር።

የማመልከቻ ወረቀቷን ከማኅደር አወጡ። ስልኳ አይሠራም። ከስልኩ ሥር በእጅ የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ ነበር። ወንበራቸውን ሳቡና «ቆዩ፣ እኔው ራሴ» አሉ። በሁለት ጣት፣ እንደ ድሮው ጠንከር አድርገው እየመቱ ጻፉ። ጉዳዩ፦ ስለ ትራንስክሪፕትሽ። ውጤትሽ ተገኝቷል፣ ስትመጪ ይሰጥሻል፣ ስላጉላላንሽ ይቅርታ። አድራሻዋን ሁለቴ አነበቡ። ከመላካቸው በፊት ወደ እኛ ዞረው «ለሪከርድ ክፍልስ ግልባጭ የት ነው የምጽፈው?» አሉ።